ሕግ ከየት ይመጣል?

ዛሬ የምናነበው ስለ ሕግ ነው። ሕግ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ዳኛ፣ ፖሊስና እስር ቤት ነው። ግን ሕግ እነርሱ ብቻ አይደለም። ልጅ ስትድሩ፣ ቤት ስትከራዩ፣ ብር ስታበድሩ ሕግ አብሯችሁ አለ።

ያገራችን ሰው ሕግን ያውቃል። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲጣሉ ያየ አላፊ አግዳሚ «በሕግ አምላክ!» ይል ነበር። ተጣዪዎቹም እጃቸውን ይሰበስቡ ነበር። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» የሚል ተረትም አለን።

እንግዲህ ሕግ ምንድን ነው? እስቲ የዕድራችሁን መተዳደሪያ አስቡ። ቀብር የቀረ ይቀጣል። ግን የሚቀጣው አባሉ ብቻ ነው። ዕድሩን የለቀቀ ሰው አይያዝበትም። የመንግሥት ሕግ ግን ሁሉንም ይይዛል። «ለቅቄአለሁ» ማለት አይቻልም።

ሕግ መብትና ግዴታ ይሰጣል። ያበደረ ሰው ገንዘቡን የማስመለስ መብት አለው። የተበደረ ሰው የመክፈል ግዴታ አለበት። የአንዱ መብት የሌላው ግዴታ ነው ማለት ነው።

ጉዳዮችም ሁለት ዓይነት ናቸው። የሰረቀ ወይም የደበደበ ሰው ወንጀል ሠርቷል። ብዙውን ጊዜ የሚከሰውም ዐቃቤ ሕግ ነው። ብድር አልከፈለም የተባለ ሰው ጉዳይ ግን የፍትሐ ብሔር ነው። ስለዚህ «ፖሊስ ይሰርልኝ» ማለት አይሠራም። አበዳሪው ራሱ ፍርድ ቤት ሄዶ ይከሳል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሕግ ከየት ይመጣል? እንደ መሰላል አድርጋችሁ አስቡት።

ከሁሉ በላይ ያለው ሕገ መንግሥት ነው። አሁን ያለው ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸደቀ። አንቀጽ 9 እንደሚለው፣ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ሕግም ሆነ ልማድ ዋጋ የለውም።

ከእርሱ በታች አዋጅ አለ። አዋጅ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ከአዋጅ በታች ደንብ አለ። ደንብ የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። ከደንብ በታች ደግሞ መሥሪያ ቤቶች የሚያወጡት መመሪያ አለ። የታችኛው የላይኛውን ሊሽር አይችልም። ክልሎችም በየምክር ቤታቸው የራሳቸውን ሕግ ያወጣሉ።

ዱሮ አዋጅ ነጋሪት እየተጎሰመ በገበያ ይነገር ነበር። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ እየታተመ ይወጣል። ስሙ ከዚያው ከነጋሪቱ የመጣ ነው። ለነጋሪቱ ጆሮ ይበቃ ነበር። ለጋዜጣው ግን የሚያነብ ዐይን ያስፈልጋል።

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎትም አለ። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ችሎት ለሕግ የሚሰጠው ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያለ ፍርድ ቤት ይከተለዋል።

«ልማዳችንስ? ሽማግሌዎቻችንስ?» ትሉ ይሆናል። በትዳርና በቤተሰብ ጉዳይ ባለ ጉዳዮቹ ከፈቀዱ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ መዳኘት እንዲቻል ሕገ መንግሥቱ በር ከፍቷል። ያለ ፈቃድ ግን አይሆንም። ልማዱም ሕግን መጣስ የለበትም።

አንድ ምሳሌ እንይ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ግን ለሴቷም ለወንዱም 18 ዓመት አደረገው። ዛሬ ያልደረሰች ልጅ ማግባት በወንጀል ያስቀጣል። «ዱሮም እንዲህ ነበር» ማለት አያድንም። ሕግ ይለወጣልና።

በመጨረሻ ኪሳችሁን የሚነካውን ልንገራችሁ። አንድ ሰው ለጎረቤቱ 3,000 ብር በቃል አበደረ እንበል። ምስክር ነበረ። ጎረቤቱ ካደ። ሰውዬው ምስክሩን ይዞ ፍርድ ቤት ቢሄድ ይረታል? የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ ነው ይላል። ጽሑፍ ከሌለ ተበዳሪው ራሱ ፍርድ ቤት ቆሞ ማመን አለበት፤ ወይም በመሐላ ይረጋገጣል። የሰው ምስክር አይበቃም። ስለዚህ ስታበድሩ ይጻፍ፤ ተበዳሪው ይፈርም፤ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙበት። ስትከፍሉም ደረሰኝ ተቀበሉ።

ሌላም አለ። ማንበብ የማይችል ሰው ውል ላይ ጣቱን ቢያሳርፍ፣ ያ አሻራ የሚይዘው በዳኛ ወይም ሥልጣን ባለው ውል አዋዋይ ፊት ሲረጋገጥ ነው። ሕጉ የማያነበውን ሰው እንዳይታለል ይጠብቀዋል። እናንተ ግን አሁን ፊደል ቆጥራችኋል። ከእንግዲህ ፊርማችሁ ይይዛችኋል። «ሳላነበው ፈረምኩ» ብሎ ማምለጥ አስቸጋሪ ነው። ሰው «ቶሎ ፈርም፣ ቶሎ ፈርሚ» ቢላችሁ አትቸኩሉ። ቁጭ ብላችሁ ከላይ እስከ ታች አንብቡ። ያልገባችሁን ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ፈርሙ።

ደኅና ሁኑ።