ከጄኔቫ የወጣ፣ በዙሪክ የተፈተነ፦ ስለ ስልክ መልእክት አጭር ጽሕፈት

የጄኔቫ ስም በኢትዮጵያዊ ጆሮ በተሰማ ጊዜ አስቀድሞ የሚታሰበው፣ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው ስለ ተጣሰው ቃል ኪዳን ያሰሙት አቤቱታ ነው። ከዚያችው ከተማ ግን ያለ ነጋሪት የወጡ፣ እስከ ዛሬም ተጠብቀው የሚኖሩ ሌሎች ስምምነቶች አሉ፤ ከእነዚህም አንዱ በየኪሳችን በያዝነው ስልክ ውስጥ በየቅጽበቱ ይፈጸማል።

እ.ኤ.አ. በ1865 በፓሪስ የተመሠረተውና በ1948 መንበሩን ከበርን ወደ ጄኔቫ ያዛወረው ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት፣ በልዩ ልዩ ሀገር የተሠሩ፣ ጠባያቸውም የማይመሳሰል ኮምፒውተሮች አንዱ የላከውን ሌላው ሳያዛባ እንዲያነብ፣ የመልእክት አካል አስቀድሞ የሚገለጽበትን አንድ ቋንቋ በ1984 ደነገገ፤ ቋንቋውም ኤ.ኤስ.ኤን. ዋን በሚል ስም ታወቀ። መልእክቱ ስንት ክፍል እንዳለው፣ የትኛው ክፍል አኃዝ የትኛውም ጽሑፍ እንደ ሆነ በአንድ ሰነድ ከተወሰነ በኋላ፣ ያንን መልእክት ወደ ባይት ረድፍ የሚለውጠውንና ከባይት ረድፍም መልሶ የሚተረጉመውን ኮድ የሰው እጅ አይጽፈውም፤ ሰነዱን የሚያነብ ሌላ ፕሮግራም ያመነጨዋል እንጂ። ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ዳር አንድ የ4ጂ ስልክ ከማማው ጋር ሲገናኝ የሚለዋወጠው የቁጥጥር መልእክት በዚሁ ቋንቋ የተደነገገ ነው፤ ከ0 እስከ 7 ብቻ ሊሆን ለሚችል አኃዝም 3 ቢት እንጂ ሙሉ ባይት አይሰጥም።

ነገሩን ለመረዳት የቀበሌን ቅጽ ማሰብ ይበቃል። ላኪውም ተቀባዩም የአንዱን ቅጽ ግልባጭ ከያዙ፣ የጥያቄውን ቁጥርና መልሱን መላክ በቂ ሲሆን፣ በብዙ አፖች ዘንድ የተለመደው ጄሰን የተባለው አጻጻፍ ግን ከእያንዳንዱ መልስ ጋር ጥያቄውንም ደግሞ ደጋግሞ ይጽፋል። የ30 ዓመት ሰው የሆነውን የአበበን ስምና ዕድሜ «ስም» እና «ዕድሜ» በሚሉ አርእስት በጄሰን ብንጽፍ፣ በተለመደው የዩኒኮድ አቀማመጥ አንዱ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ፣ መልእክቱ 37 ባይት ይሆናል። እንደ ኤ.ኤስ.ኤን. ዋን ሁሉ የመልእክቱን አካል አስቀድሞ በሰነድ በሚደነግገው፣ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2008 ለሕዝብ በለቀቀው ፕሮቶኮል በፈርስ በተባለው አጻጻፍ ያው መልእክት 13 ባይት ብቻ ነው፤ 9ኙ የስሙ ሦስት ፊደላት፣ 1ዱ ዕድሜው፣ የቀሩት 3ቱ የመስኮቹ ቁጥርና የስሙ ርዝመት ናቸው። ጄሰንን ሰው በዓይኑ አንብቦ ስሕተቱን ስለሚያርመው ለጥቂት መልእክት ማለፊያ ነው፤ የላቲን ፊደል በአንድ ባይት ሲጻፍ የእኛ በሦስት እንደሚጻፍ ላሰበ ሰው ግን፣ አርእስትን በከንቱ መደጋገም ከሌላው ይልቅ በእኛ ላይ እንደሚከብድ ግልጽ ነው።

የመልእክቱ ማነስ ብቻውን አይበቃም፤ የሚመነጨው ኮድም ራሱ ቀሊል መሆን አለበት። ሙሉው የፕሮቶኮል በፈርስ የኮድ ቤተ መጻሕፍት (ላይብረሪ) ስለ እያንዳንዱ መስክ ስምና ዐይነት የተሟላ መግለጫ ይዞ ይጓዛል፣ ፕሮግራሙም በሥራ ላይ ሳለ ስለ ራሱ መልእክት አካል ሊመረምር ይችላል፤ ይህ ለትልልቅ ሰርቨሮች ሲጠቅም፣ የአፑ ኮድ በሚቀመጥበት በአንድ የአንድሮይድ ዴክስ ፋይል ውስጥ ሊጠቀሱ የሚችሉት ሜተዶች 65,536 ብቻ ለሆኑበት ስልክ ግን ሸክም ነው። ስለዚህ «ላይት» የተባለው ዐይነት ተዘጋጀ፤ እርሱም መግለጫውንና ምርመራውን ትቶ፣ ለመጻፍና ለማንበብ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ያመነጫል።

ይህ ቁጠባ ምን ያህል እንደሚጠቅም በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ዘመን ታየ። የዙሪክና የሎዛን የፌዴራል የቴክኖሎጂ ተቋማት ሊቃውንት፣ ኡቢክ ከተባለው የዙሪክ ድርጅት ጋር ሆነው ለፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤት ያዘጋጁት፣ በበሽታው ለተያዘ ሰው ቀርበው የነበሩትን የሚያስጠነቅቅ፣ ስዊስኮቪድ የተባለ አፕ እ.ኤ.አ. ሰኔ 25 ቀን 2020 በመላው ስዊዘርላንድ ሥራ ጀመረ። ስልኩ በየቀኑ የ16 ባይት ምሥጢራዊ ቁልፍ ያመነጭ ነበር፤ ከቁልፉም የሚወጣውን፣ በየጥቂት ደቂቃው የሚለዋወጠውን ሌላ የ16 ባይት መለያ፣ ከ4 ባይት ተጨማሪ መረጃ ጋር፣ ከ31 ባይት በማይበልጠው የብሉቱዝ ማስታወቂያ ውስጥ ይነዛ ነበር። በሽታው የተገኘበት ሰው ሲፈቅድ የቀናቱ ቁልፎች በፋይል ተጽፈው ይታወጁ ነበር፤ ሌሎቹም ስልኮች ሁሉ ፋይሉን አውርደው፣ የማንንም ስም ሳያውቁ፣ ካጠገባቸው ካለፉት መለያዎች ጋር በየራሳቸው ያመሳክሩ ነበር።

ፋይሉ የሚጻፈው አፕልና ጉግል በወሰኑት ሥርዓት፣ በፕሮቶኮል በፈርስ ነበር። አንድ ቁልፍ፣ ከጀመረበት ጊዜ፣ ከጸናበት ዘመንና ከአደጋው ደረጃ ጋር፣ 30 ባይት ያህል ይይዝ ነበር። የነዚሁ አራት መስኮች የእንግሊዝኛ ስሞች ብቻ ተቈጥረው 74 ምልክት ይሆናሉና፣ በጄሰን ቢጻፍ ኖሮ አርእስቱ ብቻ ከመላው መልእክት ከእጥፍ በላይ በሆነ ነበር፤ ይህም ፋይል በየዕለቱ ወደ ብዙ ሺህ ስልኮች ይወርድ እንደ ነበር ልብ ይሏል። የአፑ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 መግቢያ ላይ ቆመ።

በሀገራችን ለባንክ፣ ለጤናና ለትምህርት አፕ የምትሠሩ ወጣቶች ሆይ፣ ዳታ በሜጋባይት ገዝቶ ለሚጠቀመው ሕዝብ ስታስቡ፣ የመልእክታችሁን አካል አስቀድማችሁ በአንድ ሰነድ ደንግጉ፤ ኮዱንም ከሰነዱ አመንጩ፤ አንድ ጊዜ የተሰጠውን የመስክ ቁጥር፣ መስኩ ቢሻርም እንኳ፣ ለሌላ መስክ አትስጡ፣ አሮጌው አፕ አዲሱን መልእክት አሳስቶ ያነበዋልና። ሰነዱንም ከመሥሪያ ቤታችሁ መዝገብ አውጥታችሁ ለሌሎች መሐንዲሶች አሳዩ።