በሞላ የሚሄድ ሰዓት በጎንደር

ጠዋት በሥራ መግቢያ፣ ጎንደር ፒያሳ ላይ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ሰዎች የእጅ ሰዓታቸው የተለያየ ነገር ሊያሳይ ይችላል። የአንዱ አጭር ቆጣሪ ሁለት ላይ ነው፣ የሌላው ስምንት ላይ። ጠይቋቸው፤ ሁለቱም «ሁለት ሰዓት» ይላሉ። ባለስምንቱ የሚያነበው ቆጣሪው ያረፈበትን ቁጥር ሳይሆን ከማዶ ያለውን ነው። ልዩነቱ ድፍን ስድስት ሰዓት ስለሆነ ደቂቃ ቆጣሪው ከጉዳዩ ውጭ ነው። በዲጂታል ሰዓት መደመርና መቀነስ ግድ ይላል፤ በክቡ ገጽ ላይ ግን ማዶ ማየት ይበቃል። ባለቆጣሪ ሰዓት ለኢትዮጵያ አቆጣጠር የተፈጠረ ይመስላል።

አቆጣጠሩም ለአገሩ የተስማማ ነው። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ከግማሽ አካባቢ ላይ ስለምትገኝ የቀኑ ርዝመት በክረምትና በበጋ ብዙ አይራራቅም። ለንደን ላይ በሰኔ ከ16 ሰዓት በላይ የሚረዝመው ቀን በታኅሣሥ ወደ ስምንት ሰዓት ያጥራል። እዚያ ጊዜን ከፀሐይ መውጫ መቁጠር አያዛልቅም፤ እዚህ ግን ጀንበር ብቅ ስትል አሥራ ሁለት ነው ማለት ዓመቱን ሙሉ ከእውነቱ ብዙም አይርቅም።

ሰዓት ከመምጣቱ በፊትም ሰዓት ነበረ። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የራስን ጥላ በጫማ እየለኩ ጊዜ የሚያውቁበት ሠንጠረዥ ለየወሩ ተዘጋጅቶ በብራና ተጽፎ ቆይቷል፤ የሥነ ፈለክ ታሪክ አጥኚው ኦቶ ኖይገባወር እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ሥራ የኢትዮጵያን የዘመን ቀመር በሰፊው መርምሮታል። በዐቢይ ጾም ቅዳሴው እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይበት ደብር ጥላውን የሚያይ ሰው ያስፈልገው ነበር። ከደባርቅና ከዳባት በላይ ባሉት ደጋዎች ደግሞ ዶሮ ሲጮህ፣ ከብት ሲሰማራ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ማለት ለገበሬው በቂ ነበር።

የእጅ ሰዓት የግድ ያስፈለገው ደቂቃና ሴኮንድ የሚጠይቅ ሥራ ሲመጣ ነው። ጎንደር ውስጥ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ነው። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው ይህ ተቋም ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። የልብ ምት ሲቆጠር ሁለት ጣት አንጓ ላይ ያርፋል፣ ዓይን ደግሞ ሴኮንድ ቆጣሪው ላይ። ኤሌክትሪክ በሌለበት ጤና ጣቢያ ባትሪ የማይፈልግ፣ ጠዋት ተሞልቶ እስከ ማግስቱ የሚሄድ ሰዓት ጌጥ አልነበረም፤ የሕክምና መሣሪያ ነበር።

በኢትዮጵያ ከተሞች ስማቸው ከሚጠራው መካከል ኦሜጋ፣ ቲሶትና ሮመር ከስዊዘርላንድ፣ ሲቲዝንና ኦሪየንት ከጃፓን ናቸው። እንደ ጃፓኑ ሴኮ ፋይቭ ግን ብዙ ሰው የሚያውቀው ያለ አይመስልም። ሴኮ ይህን ሰዓት ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። «አምስት» የተባለውም አምስት ነገር ቃል ስለገባ ነው፦ ራሱን በራሱ ይሞላል፣ ዕለቱንና ቀኑን በአንድ መስኮት ያሳያል፣ ውኃ ይከላከላል፣ መሙያው አራት ቁጥር አጠገብ ገባ ብሎ ይቀመጣል፣ አካሉና ማሰሪያው ጠንካራ ነው። በዓመቱ አበበ ቢቂላ የቶኪዮን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ሲያሸንፍ የኦሎምፒኩ ይፋዊ ሰዓት ያዥ ይኸው ኩባንያ ነበር።

የዚህን ሰዓት የጀርባ ክዳን ከፍቶ ማየት ያስደስታል። መጀመሪያ የሚታየው ግማሽ ክብ የሆነ ብረት ነው፤ ክንድ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ወዲያና ወዲህ ይዞራል። ሴኮ እ.ኤ.አ. በ1959 የሠራው ቀላል ዘዴ ብረቱ በየትኛውም አቅጣጫ ቢዞር ዋናውን ሞላ እንዲጠቀልል ያደርገዋል። ሞላው ሊፈታ ይፈልጋል፣ ጥርሳሞቹ ጎማዎች ኃይሉን ይቀባበላሉ፣ መጨረሻ ላይ ያለችው ትንሽ መንጠቆ ግን አንድ ጥርስ ብቻ ለቅቃ መልሳ ትይዛለች። መቼ መልቀቅ እንዳለባት የሚነግራት ፀጉር በምታህል ሞላ የሚወዛወዘው ጎማ ነው። በብዙዎቹ ሴኮ ፋይቮች ውስጥ ይህ ጎማ በሴኮንድ ስድስት ጊዜ ይመታል፤ በቀን 518,400 ጊዜ። ጆሮ ላይ ሲጠጉት የሚሰማው ቲክታ ይኸው ነው።

ነገሩ የሚወሳሰበው ቀን ላይ ነው። የቀን ቁጥሩ ያለበት ክብ 31 ጥርስ አለው፤ የተሠራው ለፈረንጆች ወር ነው። በእነሱ አቆጣጠር ከ31 ቀን የሚያንሱ ወሮች አምስት ስለሆኑ ባለቤቱ በዓመት አምስት ጊዜ ያስተካክለዋል። በኢትዮጵያ ቀን የሚጠቀም ሰው ግን ከመስከረም እስከ ነሐሴ እያንዳንዱ ወር 30 ሲሞላ አንዴ ማሳለፍ አለበት፤ ጳጉሜን ሲያልቅ ደግሞ ከ6 ወይም ከ7 እስከ 1 ድረስ ያዞረዋል። በድምሩ በዓመት 13 ጊዜ።

የሰዓቱ ቀን የሚለወጠው አጭሩ ቆጣሪ በየሁለተኛው አሥራ ሁለት ቁጥር ላይ ሲደርስ ነው። በሀገር አቆጣጠር ለሞላው ሰው ይህ ወይ ንጋት ላይ ነው ወይ ምሽት ላይ፤ ያልፈለገው ላይ ከዋለ ቆጣሪውን አንድ ሙሉ ዙር አዙሮ ይቀይረዋል። በዓል ከዋዜማው ምሽት ለሚጀምርበት አገር ምሽቱ የተሻለ ይመስላል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ቆጣሪው ከዘጠኝ እስከ ሦስት ቁጥር ባለበት የቀን ለውጥ ጥርሶቹ ተያይዘዋል፤ በዚያን ጊዜ በመሙያው ቀን መቀየር ጥርስ ሊሰብር ይችላል። ምሽት ላይ ቀኑ ለሚለወጥ ሰዓት ከቀኑ ዘጠኝ እስከ ምሽቱ ሦስት ድረስ አለመንካት ነው።

ከቀን አቆጣጠሩ ልዩነት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰዓትም አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተሠራው ባለወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ፣ ቁጥሩ 2497፣ ወሩ 28 ይሁን 30 ወይም 31 ራሱ ያውቃል፤ የየካቲትን ጭማሪ ቀን በየአራት ዓመቱ ያስታውሳል፣ ጨረቃንም ያሳያል። የሚያውቀው ግን የፈረንጆቹን ዓመት ብቻ ነው፤ ለጳጉሜን ቦታ የለውም። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ዓመት ኅዳር ስዊዘርላንድን ጎብኝተው ነበር። ሰዓቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ጄኔቫ ላይ ለጨረታ ሊቀርብ ሲል የቤተሰቡ አባላት የባለቤትነት ጥያቄ በማንሣታቸው ከጨረታው ወጣ፤ በ2017 ግን ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ ተሸጠ። በሀገር ሙዚየም ሊታይ የሚገባው ቅርስ ነበር።

ሴኮ ራሱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1969 ያወጣው የኳርትዝ ሰዓት የሞላውን ዘመን አናግቶታል፤ የእጅ ስልክ ደግሞ ሰዓት ማሰሩን ራሱን ለብዙዎች አስቀረ። ሆኖም የአባቱን ሰዓት ከሣጥን አውጥቶ የሚያስጠግን ወጣት ዛሬም አለ፤ ልክ ነውም። የኳርትዝ ርካሽ ሞተር ሲበላሽ ይጣላል። የሞላ ሰዓት ግን ይፈታል፣ በቤንዚን ይታጠባል፣ ዘይቱ ይታደሳል፣ ከሞተ ወንድሙ በተወሰደ ዕቃ እንደገና ይነሣል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ወረንጦ፣ ቀጭን ካቻቢቴ፣ ዓይን ላይ የሚጣበቅ ማጉያና የማይንቀጠቀጥ እጅ ነው።

የሞላ ሰዓት ጠላቱ እርጥበት ነው። በጥምቀት፣ ጥር 11፣ በፋሲል መዋኛ ጠበል ሲረጭ ዕድሜው የገፋ ሰዓት ከእጅ ቢወልቅ ይሻላል፤ ጀርባው ላይ ያለው ቀጭን የጎማ ቀለበት በዕድሜ ይደርቃልና። የደጋው ብርድ ሲያገኘው መስታወቱ ከውስጥ ካላበው ቀለበቱ አልቋል ማለት ነው፤ ዝገት ሳይጀምር ሰዓት ሠሪ ጋ መሄድ ያስፈልጋል።

አሮጌ ሰዓት የሚገዛ ሰው በጣም የሚያብረቀርቅ ገጽ ሲያይ ይጠርጥር፤ አዲስ ቀለም የተቀባ ሊሆን ይችላል። ትንሽ የጠየመ፣ ጽሑፉ ግን ጥርት ያለ ገጽ የበለጠ ይታመናል። ጀርባውን አስከፍቶ ይይ፣ ቲክታው እኩል መሆኑን ያዳምጥ፣ ቆጣሪውን አዙሮ ቀኑ ከ31 ወደ 1 ሳይንገጫገጭ መዝለሉን ይፈትን።