ከውጭ ትምህርት መልስ

ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ሲሸኝ ጸሎቱም ምክሩም ብዙ ነው። ሲመለስ ግን አበባ ይዘን ቦሌ እንቀበለውና ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። «ቤቱ ገባ፤ ከእንግዲህ ምን ያስቸግረዋል?» እንላለን። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። አንድ ሴሚስተር ብቻ ተምሬ በተመለስኩ ጊዜ ግን ከመሄድ ይልቅ መመለስ እንደሚከብድ አየሁ።

የሄድኩት ለአራት ወር፣ ናይሮቢ ነበር። ሩቅ አገር አይደለም። ሦስቱን ልጆቻችንን ለባለቤቴና ለአማቴ ትቼ ሄድኩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኡጋሊውም፣ በወተት የሚፈላው ሻይም፣ የማታቱው ጩኸትም ባዕድ ሆነብኝ። መኪና በግራ በኩል ስለሚነዳ መንገድ ስሻገር ዘወትር የማየው ወደ ተሳሳተው ጎን ነበር። ያንን ከለመድኩ በኋላ ደግሞ አዲስ አበባ ተመልሼ ሜክሲኮ አካባቢ ታክሲ ሊገጨኝ ለጥቂት ተረፍኩ። እንደ ናይሮቢ ልማዴ መጀመሪያ ወደ ቀኝ አይቼ ነበርና።

የቤቱ ነገር ግን ከዚህ የባሰ ነበር። በመጀመሪያው ሌሊት የአራት ዓመቷ ልጃችን ተነሥታ አለቀሰች። ላቅፋት ስጠጋ ገፋ አደረገችኝና ወደ አያቷ ክፍል ሮጠች። በማግስቱ ወጥ ቤት ስገባ ድስቱም የበርበሬው ዕቃም ቦታቸው ተለውጧል። ትልልቆቹ ልጆች የጎደላቸውን የሚጠይቁት አያታቸውን ነው። ለአማቴ አፌን ሞልቼ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ማለት አቃተኝ። አንድ ክፉ ቃል አልተናገርኩም፤ ፊቴ ግን ተናግሮ ነበር። በሳምንቱ እሳቸው ዕቃቸውን ሸክፈው «እንግዲህ ልሂድ፣ ልጄ፣ አንቺም መጥተሻል» ብለው ተነሡ። እኔም ቆዩ አላልኳቸውም።

በቤተ ክርስቲያንም አላረፍኩም። «እዚያ እኮ ፕሮግራም በሰዓቱ ነው የሚጀመረው፤ እዚያ እኮ እንዲህ አይደረግም» እያልኩ እህቶችን አሰለቸኋቸው። አንድ ቀን ከሴቶች ጸሎት በኋላ አንዲት አዛውንት እናት እጄን ይዘው፣

«ልጄ፣ እዚያ ስንት ጊዜ ቆየሽ?» አሉኝ።

«አራት ወር።»

«ከተመለስሽስ?»

«አንድ ወር ሆነኝ።»

«እንግዲያው ገና ሦስት ወር ይቀርሻል፤ እስክትመጪ እንጠብቅሻለን» አሉና ሳቁ። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ሁለተኛው ቁልቁለት

ይህ የእኔ ድካም ብቻ አልነበረም። የሥነ ሰብ ምሁሩ ካሌርቮ ኦበርግ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ ሰው ባዕድ አገር ሲገባ ስለሚደርስበት «የባህል ድንጋጤ» አስረድቶ ነበር። ከእርሱ በፊት በ1955 ስቬሬ ሊስጋርድ አሜሪካ ቆይተው የተመለሱ ኖርዌያውያንን አጥንቶ፣ የሰው ስሜት መጀመሪያ ከፍ፣ ቀጥሎ ዝቅ፣ ከዚያም እንደገና ከፍ እንደሚል ገለጸ። ቅርጹ የእኛን «ሀ» ይመስላል። በ1963 ጆን እና ጂን ጉላሆርን የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ደግሞ ሰው ወደ አገሩ ሲመለስም ሁለተኛ ቁልቁለት እንደሚጠብቀው ጻፉ። ይህኛው «ሠ»ን ይመስላል።

ሁለተኛው የሚከብደው ሳናስበው ስለሚመጣ ነው። ስንሄድ እንግዳ እንደምንሆን እናውቃለን፣ እንዘጋጃለን። ስንመለስ ግን ቤቱ እንደተውነው የሚቆየን ይመስለናል። ቤቱም ያለ እኛ መኖርን ለምዷል፤ እኛም የሄድነው ሰዎች አይደለንም።

ባዶዬን ተመለስኩ ያለችው ሴት

በዚያ ሰሞን የኑኃሚንን ታሪክ ደግሜ አነበብኩ (ሩት 1፥19-22)። ኑኃሚን ከሞዓብ ወደ ቤተ ልሔም ስትመለስ ከተማው በሙሉ ስለ እርሷ ተንጫጫ። እርሷ ግን ስሟ እንኳ እንዲለወጥ ፈለገች፤ ሞልታ ሄዳ ባዶዋን እንደተመለሰች ተናገረች። ኀዘኗ እውነተኛ ነው፤ ባሏንና ሁለት ልጆቿን ቀብራለች። ነገር ግን ባዶ ነኝ ስትል ሩት አጠገቧ ቆማ ነበር! የገብስ መከርም ተጀምሮ ነበር።

ይህን ስመለከት አማቴ ትዝ አሉኝ። እኔ ስማር ልጆቼን ያጠቡ፣ ያበሉ፣ ሌሊት የተነሡ እርሳቸው ናቸው። ልጄ ወደ እርሳቸው መሮጧ የተወሰደብኝ ፍቅር ሳይሆን፣ እኔ በሌለሁበት እግዚአብሔር ያቆመላት ፍቅር ነበር። በማግስቱ ከባለቤቴ ጋር ቤታቸው ሄደን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «እኔም ብሆን እንደ አንቺ ይከፋኝ ነበር» አሉኝና ቡና አፈሉልን። ለሁለት ወር አብረውን እንዲቀመጡ ለመንናቸው፣ እሺ አሉ። ልጄም ከእርሳቸው ጉልበት ወደ እኔ ጉልበት በራሷ ጊዜ መጣች።

ለሚመለሱ

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት «እዚያ እኮ» ከማለት ጹሙ። ትክክል ብትሆኑም እንኳ የሚሰማ ጆሮ አታገኙም። እናንተ በሌላችሁበት ሸክማችሁን የተሸከመውን ሰው ፈልጋችሁ አመስግኑ። ከተማራችሁትም አንድ ነገር መርጣችሁ ወገናችሁን አገልግሉበት። አባታችን ኦነሲሞስ ነሲብ ስዊድን ተምረው ያገኙትን እውቀት ለመታያ አላዋሉትም። ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክመው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ እ.ኤ.አ. በ1899 እንዲታተም አደረጉ፤ በ1904ም ነቀምት ገብተው ሕዝባቸውን በገዛ ቋንቋው አስተማሩ።

ለሚቀበሉ

ልጃችሁ፣ ሚስታችሁ ወይም ባላችሁ ሲመለስ «ምን ይዘህ መጣህ?» ብቻ አትበሉ፤ «ምን አየህ? ምን ከበደህ?» ብላችሁ ተቀምጣችሁ ስሙት። ጳውሎስና በርናባስ ወደ አንጾኪያ ሲመለሱ ቤተ ክርስቲያን ተሰብስባ ሰማቻቸው፤ እነርሱም ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ጥቂት ያልሆነ ጊዜ ተቀመጡ (ሐዋ. 14፥26-28)። መሪዎችም ብትሆኑ የተመለሰ አገልጋይ ላይ በመጀመሪያው እሑድ አምስት ኃላፊነት አትጫኑ። ዝም ያለውን ወጣት ደግሞ «ኮርቷል» ብላችሁ ለመፍረድ አትቸኩሉ፤ ምናልባት ገና መንገድ ላይ ይሆናል።

ውድ አንባቢያን፣ በቤታችሁ ሻንጣው የገባ፣ ልቡ ግን ገና ያልገባ ሰው አለ? ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ አጠገቡ ተቀመጡ። መሄዱን የባረከ ጌታ መመለሱንም ይባርክ። አሜን።