ቀጭን መሆን ብቻውን የአካል ብቃት ማረጋገጫ አይደለም

የሰውነት ክብደትና ቁመና ስለ አንድ ሰው የአካል ብቃት በከፊል የሚጠቁሙት ነገር ቢኖርም፣ ብቃትን በሚዛን ብቻ መገመት ለተሳሳተ ድምዳሜ እንደሚዳርግ በዘርፉ የተካሄዱ ጥናቶች ያስረዳሉ። ጉዳዩ በተለይ አብዛኛውን የሥራ ሰዓታቸውን ተቀምጠው የሚያሳልፉ የቢሮ ሠራተኞችን ይመለከታል።

ኤሮቢክ ብቃት የሚባለው ልብ፣ ሳንባና የደም ሥሮች ኦክስጂንን ለጡንቻዎች የማድረስ፣ ጡንቻዎችም ኦክስጂኑን የመጠቀም አቅም ነው። የሚለካውም ሰውነት በከባድ እንቅስቃሴ ወቅት በአንድ ደቂቃ ሊጠቀምበት በሚችለው ከፍተኛ የኦክስጂን መጠን ሲሆን፣ መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ለሰውነት ክብደት ተካፍሎ ይገለጻል።

ለአብነት ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው በደቂቃ 3 ሊትር ኦክስጂን የመጠቀም አቅም ቢኖራቸውና አንደኛው 60፣ ሌላው 80 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ የመጀመሪያው ለአንድ ኪሎ ግራም 50፣ ሁለተኛው 37 ነጥብ 5 ሚሊ ሊትር ይደርሳቸዋል። ልዩነቱ የስብ ክምችት ከሆነ ደረጃ በወጡ ቁጥር ሸክም ይሆናል። ጡንቻ በአንጻሩ ኦክስጂን ተጠቅሞ እንቅስቃሴውን ያግዛል።

የረጅም ርቀት ሯጮች ቀጭን ቁመና የሚጠቅማቸው ክብደታቸውን ራሳቸው ተሸክመው ስለሚሮጡ ነው። ክብደታቸውን ጀልባ የሚሸከምላቸው የቀዘፋ ስፖርተኞች ግን ግዙፍና ጡንቻማ ቢሆኑም ኤሮቢክ አቅማቸው እጅግ ከፍተኛ ነው።

በአሜሪካ ዳላስ ከተማ የሚገኘው የኩፐር ተቋም ተመራማሪዎች 21 ሺህ 925 ወንዶችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጡት ጥናት፣ ቀጭን ሆነው ብቃት የሌላቸው ወንዶች የመሞት ዕድላቸው ቀጭንና ብቁ ከሆኑት በእጥፍ እንደሚበልጥ አመልክቷል። ዕድሉ ብቃት ካላቸው ወፍራም ወንዶችም ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል።

ይህ ሲባል ግን ከመጠን ያለፈ ውፍረት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። በተለይ በሆድ አካባቢ የሚከማች ስብ ለስኳር፣ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም ያጋልጣል። በመሆኑም ቦርጭን የድሎት፣ ቅጥነትን ደግሞ የጤንነት ምልክት አድርጎ መውሰድ ሁለቱም ያሳስታል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉና ተቀምጠው የሚያሳልፉትን ጊዜ እንዲቀንሱ መክሯል። ይህም በሳምንት ለአምስት ቀናት ለ30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ በመራመድ የሚሟላ በመሆኑ፣ ወደ ሥራ ሲሄዱም ሆነ ሲመለሱ የተወሰነውን መንገድ በእግር መጓዝ ለወፍራሙም ለቀጭኑም ሠራተኛ ይጠቅማል።