የሽንኩርት ማሳ መርዝና የሰውነታችን ኢንዛይም

በሸዋ ሮቢት ቆላ የሮቢን ወንዝ ጠልፎ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው ገበሬ ፀረ ተባይ ሲረጭ ፊቱን በሽርጡ ጫፍ ይሸፍናል። ጨርቅ አቧራ ይይዝ ይሆናል እንጂ ትነት አያግድም። ማታ ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ በማግሥቱ ሲሻለው «ወጣልኝ» ይላል። በእርግጥ ወጥቶለታል ወይ?

ጡንቻ የሚኮማተረው ነርቭ አሴቲልኮሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ሲለቅበት ነው። ይህ ንጥረ ነገር ሥራውን እንደጨረሰ መፍረስ አለበት። የሚያፈርሰው ኮሊንኤስተሬዝ የተባለ ኢንዛይም ሲሆን በአንጎልም ውስጥ ሥራው ይኸው ነው። በእኛ በመምህራን ቋንቋ ሰሌዳ ጠራጊ እንበለው፤ እሱ ከሌለ ጽሑፍ በጽሑፍ ላይ ይደራረባል።

ማላታይን፣ ክሎርፒሪፎስና መሰሎቻቸው ይህንን ጠራጊ ጨብጠው ይይዙታል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የበረሃ አንበጣ የአማራን ምሥራቃዊ ቆላ በወረረ ጊዜ የተረጨውም የዚሁ ወገን መድኃኒት ነበር። የተመረዘ ሰው እንባና ምራቁ ይበዛል፣ የዓይኑ ብሌን ይጠባል፣ ጡንቻው ይርገበገብና ኋላ ይዝላል። ሲብስ ትንፋሽ ይቆማል።

ሐኪም ቤት የሚሰጠው አትሮፒን ምራቁንና የሳንባውን ፈሳሽ ያደርቃል እንጂ ኢንዛይሙን አያስለቅቅም። ማስለቀቅ የሚችለው ፕራሊዶክሲም ነው፤ እሱም ቶሎ ከተሰጠ። እንደ መርዙ ዓይነት በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ትስስሩ ይጠነክርና የተያዘው ኢንዛይም ከንቱ ሆኖ ይቀራል፤ ሰውነት ሌላ መሥራት አለበት። በቀይ የደም ሕዋስ ላይ ያለው እንኳ የሚተካው ከሕዋሱ ጋር ስለሆነ እስከ 120 ቀን ይፈጃል። ታዲያ «ወጣልኝ» ባዩ በሳምንቱ ተመልሶ ቢረጭ ከፊተኛው ያነሰ መርዝ ሊጥለው ይችላል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ አለ። ለቀዶ ሕክምና ሲባል ጡንቻን ለማላላት የሚሰጠውን ሱክሳሜቶኒየም በደቂቃዎች የሚያፈርሰው በደም ውስጥ ያለ የዚሁ ኢንዛይም ዘመድ ነው። እሱም በመርዝ ከተያዘ በሽተኛው ለሰዓታት በራሱ መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል። ሰሞኑን የረጨ ሰው ይህንኑ ለማደንዘዣ ባለሙያው አስቀድሞ ይንገር።

እጩ መምህራን ሆይ፣ ለማስተማር ልምምድ ስትወጡ ሰኞ ጠዋት ዓይኑ የሚያለቅስ፣ እጁ ተንቀጥቅጦ መጻፍ ያቃተው ልጅ ቢያጋጥማችሁ፣ ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት እሑድ የት እንደዋለ ጠይቁት። ማሳ ውሎ ከሆነ ልብሱን አስወልቃችሁ ገላውን በሳሙና አስታጥቡት፤ የመድኃኒቱን ዕቃ ከነጽሑፉ አስይዛችሁ ጤና ጣቢያ አድርሱት።