የሐበሻ ጥድ ነው የፈረንጅ ጥድ?

ዛሬ ጥድ እንዴት እንደሚለይ ልንገራችሁ።

በአዲስ አበባ ሁለት ዓይነት ጥድ በብዛት አለ። የሐበሻ ጥድ የአገራችን ዛፍ ነው፤ ቀስ ብሎ ያድጋል። የፈረንጅ ጥድ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ነው፤ ቶሎ ያድጋል። ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። እኔም ተሳስቻለሁ። ለገና ከግቢያችን የአንዱን ትንሽ ጥድ ጫፍ ቆረጥኩ። "የፈረንጅ ስለሆነ ቶሎ ይተካል" ብዬ ነበር። አያቴ ግን "ልጄ፣ ይሄ እኮ የሐበሻው ነው፤ እኔ ነኝ የተከልኩት" አለኝ። በጣም አፈርኩ።

ዋናው መለያ ፍሬው ነው። የሐበሻ ጥድ ፍሬ አተር ያክላል፤ ሲበስል ለስላሳና ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰማያዊ ይሆናል። የፈረንጅ ጥድ ፍሬ ግን ብይ ያክላል፤ እንደ እንጨት ይጠነክራል፣ ሲደርቅ ተከፍቶ ዘሩን ያራግፋል።

አንድ ነገር አትርሱ፦ የሐበሻ ጥድ ወንድና ሴት አለው፤ የሚያፈራው ሴቴው ነው። ትንሹም ገና አያፈራም። ስለዚህ ፍሬ ካላያችሁ ዝም ብላችሁ አትቁረጡ፣ መጀመሪያ ትልቅ ሰው ጠይቁ። እኔ የቆረጥኩት ጥድ እስካሁን ጫፍ አላወጣም።