ሱፐርቫይዘሩ ምሳ ላይ ነው

ተማሪ ሳለሁ አንድ ሆቴል ውስጥ በአስተናጋጅነት ሠርቻለሁ። ማታ ስንወጣ የሠራተኛ በር ላይ ተሰልፈን ቦርሳችን ይከፈታል፣ ኪሳችን ይዳበሳል። ጠዋት ደግሞ ያው አስፈታሽ አለቃችን ሰብስቦ "እንግዳውን ቤታችሁ እንደመጣ ሰው ተቀበሉት" ይለናል።

አንድ ቅዳሜ አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን ይዛ መጣች። ትንሹ የአቮካዶ ጁሱን ገና ሳይቀምሰው ደፋው፤ ብርጭቆውም ተሰበረ። ልጁ ደንግጦ ዓይን ዓይኔን ያያል። እኔ ግን የማስበው ስለ ብርጭቆው ነበር፤ የተሰበረ ዕቃ ከደሞዛችን ይቆረጣል። ሌላ ጁስ ላምጣለት ብል አዲስ ቦኖ መቁረጥ አለብኝ፤ ቦኖው ማታ ሂሳብ ስዘጋ እኔው ላይ ያርፋል። እንዲሰረዝልኝ ሱፐርቫይዘሩ መፈረም አለበት። ሱፐርቫይዘሩ ምሳ ላይ ነው።

"ሌላ አምጣለት" አለችኝ።

"ይከፍሉበታል" አልኳት፣ ቀና ብዬ ሳላያት።

ከፈለች። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት አይቻት አላውቅም።

ያን ቀን ክፉ ሰው ሆኜ አልነበረም። ብወስን የምቀጣ፣ እምቢ ብል ግን ማንም የማይጠይቀኝ ሰው ነበርኩ። ባንክ መስኮት ላይም ሆነ ቀበሌ "አለቃ ሲመጣ"፣ "ነገ ተመለሱ" የሚሉንን ሰዎች ሳይ ያቺ ቅዳሜ ትዝ ትለኛለች። ሥልጠና ጎድሏቸው ነው ይባላል፤ እኔ አይመስለኝም። ፈገግታ በሥልጠና ይመጣ ይሆናል። የማይታመን ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠብቀው ራሱን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 ኪሳራ ላይ የነበረውን የስካንዲኔቪያ አየር መንገድ መምራት የጀመረው ያን ካርልዞን ነገሩን በሰከንድ ለክቶታል። አንድ ደንበኛ ከአንድ ሠራተኛ ጋር የሚገናኘው በአማካይ ለ15 ሰከንድ ያህል ነው፤ ድርጅቱ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው የሚባለው በዚያች ቅጽበት ነው ይል ነበር። በ15 ሰከንድ ውስጥ አለቃ ተጠርቶ አይደርስም። ስለዚህ የመወሰን ሥልጣኑን ደንበኛው ፊት ለቆመው ሠራተኛ ሰጠ። ሪትዝ ካርልተን ሆቴሎችም አንድ ሠራተኛ የአንድን እንግዳ ችግር ለመፍታት እስከ 2,000 ዶላር ድረስ አለቃ ሳያስፈቅድ እንዲያወጣ በመፍቀድ ይታወቃሉ። ልብ በሉ፤ ገደብ አለው። ባለቤቱ ገንዘቡ ነውና ቁጥጥር ያስፈልገዋል፤ የሚሰርቅም አይጠፋም። እኔ የምለው ቁጥጥሩ እንግዳው ከተስተናገደ በኋላ ይምጣ ነው።

ዛሬ አንድ ትንሽ ካፌ ውስጥ ፈረቃ እመራለሁ። ባለቤቷን ለምኜ አስተናጋጆቹ በቀን እስከ 3 ትእዛዝ ድረስ ያለ ፊርማ እንዲቀይሩ አስፈቀድኩ፤ ምክንያቱን ደብተር ላይ ይጽፋሉ፣ በቃ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ደብተሩን የነካው የለም። አንዷን ለብቻዋ ጠርቼ ብጠይቃት "ወጥመድ መስሎን ነው" አለችኝ። ልቤ ተሰበረ፤ ግን አልፈረድኩባትም። ለዓመታት ኪሱ ሲዳበስ የኖረ ሰው "አምኜሃለሁ" ስላሉት ብቻ በአንድ ቀን አያምንም።

በሦስተኛው ሳምንት እሷው ጻፈች፦ "ጠረጴዛ 6። ማኪያቶው ቀዝቅዞ ነው የሰጠሁት። ጥፋቱ የኔ ነው። ቀየርኩላቸው።"

በዚያ ሆቴል በሠራሁበት ጊዜ ሁሉ እኔንም ጨምሮ አንድም ሰው "ጥፋቱ የኔ ነው" ብሎ አያውቅም።